ቀልድ አስረጂ በሀዋታ

ሐሜተኛ ተሰድቧል። ስስታም ተተርቶበታል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ቦታ ዋጋ የሚያወራ ሰው እንኳ የድርሻውን አግኝቷል። ፊልም ስታዩ አጠገባችሁ ተቀምጦ፣ ክንዳችሁን በጣቱ ነካ ነካ እያደረገ፣ «ይቺ ከየት እንደመጣች አወቅህ? ይቺ እኮ ከሌላ ፊልም የተወሰደች ናት» የሚለው ሰውዬ ግን እስከ ዛሬ ክፉ ቃል ሳይሰማ በሰላም ይኖራል።

እኔ የማውቀው የሚኖረው ሀዋታ ነበር።

ሀዋታ ሱዳን ውስጥ፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ራሃድ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከገዳሪፍ ወደ ሴናር የተዘረጋው የድሮ ሐዲድ በእሷ በኩል ያልፋል። ራሃድን እኛ ሽንፋ እንለዋለን፤ ከጣና በስተምዕራብ ካለው ከፍታ ተነሥቶ፣ ድንበር ላይ ማንም ወረቀት ሳይጠይቀው ቁልቁል ይወርዳል። ሰሊጥ ሊያጭድ፣ ማሽላ ሊያርም የሚወርደው ሳሉግ ግን ይጠየቃል። ወንዝ ሆኖ መፈጠር ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ክረምት ሲገባ አገሩ በሙሉ ዋልካ ነው። ጫማህን ይዞ ያስቀርና ካልሲህን ብቻ ይመልስልሃል። መኪና አይወጣም፤ አይገባም። ያኔ ሰው ሁሉ ወደ ቡና ይሰበሰባል።

የምንሰበሰበው ከአንዲት የጎንደር ሴት ዳስ ነበር። ስሟን የሚጠራ የለም፤ አበሻውም ሱዳኑም «እትዬ» ነው የሚላት። ዳሱ ጥግ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ቴሌቪዥን አለ። መብራት ከመጣና ዝናቡ ዲሹን ካላበላሸው ዜና ይታያል፤ ዲሹ ከተበላሸ ደግሞ አስረጂው ፍላሹን ይሰካል። ካርቱም ያደገ፣ ስልክ የሚጠግን ጎረምሳ ነው። ዓረብኛውን ከሰፈር፣ እንግሊዝኛውን ከፊልም ነው የለቀመው፤ አማርኛው የእናቱ ነው። በፍላሹ ላይ ሌላ ነገር አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ «ዘ ሲምፕሰንስ» ብቻ።

ላላያችሁት፣ ቢጫ ቆዳ ያላቸው የአንድ ቤት ሰዎች ኑሮ ነው። አባት ሆመር፣ እናት ማርጅ፣ ልጆቹ ባርት፣ ሊሳና ገና አፍ ያልፈታችው ሕፃን። ከታኅሣሥ 1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታየ ነው፤ ባርት ግን እስከ ዛሬ አሥር ዓመቱ ነው። ችግሩ፣ ቀልዱ ግማሹ ከሌላ ቦታ የተቀዳ መሆኑ ላይ ነው። ይሄ ከድሮ ፊልም፣ ያ ከዘፈን፣ ያኛው ከማስታወቂያ። ምንጩን ካላወቅህ ሌሎች ሲስቁ አንተ ጥርስህን ገልጠህ መጠበቅ ብቻ ነው። አስረጂ የሚባለው ፍጡር የሚራባው እዚህ ላይ ነው።

የእኛው ደግሞ ዝም ብሎ አያስረዳም። ፊልሙን ያቆመዋል። ሆመር አፉን እንደከፈተ ይደርቃል፤ ጎረምሳው ይነሣና ቴሌቪዥኑን በጀርባው ከልሎ ትምህርቱን ይጀምራል። ሲጨርስ ፊልሙን ይለቀውና ዞሮ ፊታችንን ያያል፤ ስቀን እንደሆነ ሊቆጣጠር። እኛም እንስቃለን። ምን እናድርግ፣ ፍላሹ የሱ ነው።

ዓረቦች ይህን ሁሉ ማስረዳት ሳይታክታቸው አልቀረም፤ ኤም.ቢ.ሲ. የሚባለው ጣቢያቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ረመዳን ላይ ሲያቀርበው ነገሩን ከሥሩ ቀየሩት። «አል ሻምሹን» አሉት። ሆመር ኦማር ሆነ፤ ባርት በድር። ለኦማር ድምፁን የሰጠው ግብፃዊው ኮሜዲያን መሐመድ ሄነዲ ነው። ቢራው ለስላሳ ሆነ፤ መጠጥ ቤቱ ከነጭራሹ ጠፋ። የጀመሩትን ሁሉ ሳያሳዩ ተቋረጠ። እኛም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በካና ቴሌቪዥን የቱርክ አማት በጥሩ አማርኛ ስትሳደብ እያየን ነውና የምንፈርድበት አፍ የለንም። ደግሞ ሀዋታ ለከረመ አበሻ፣ ቢራ እንዴት ለስላሳ እንደሚሆን ማንም አያስረዳውም። በዚያ አገር በሻይ ብርጭቆ ተቀድቶ፣ ከነማንኪያው የቀረበ ሁሉ ሻይ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ፖሊሱም ያውቃል።

አንድ ማታ፣ 2014 ዓ.ም. ሊገባደድ ሲል፣ የሱዳኑ ጦርነት ገና ሳይነሣ፣ አስረጂው «ዛሬ የማሳያችሁ ስለ እናንተ ነው» ብሎ ገባ። «ራዲዮ ባርት» የሚባለውን ክፍል ነው ያመጣው፤ በጥር 1992 እ.ኤ.አ. የታየውን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ለባርት ልደት አባቱ ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ አይቶ ማይክሮፎን ይገዛለታል። ወደ ማይክሮፎኑ የተናገርከው በሌላ ራዲዮ ይሰማል። ባርት ራዲዮውን ጉድጓድ ውስጥ ይጥልና፣ ጢሚ የሚባል የሙት ልጅ ሆኖ ከታች ይጮኻል። ከተማው ይተራመሳል። ማንም ያላየው ልጅ የሁሉም ልጅ ይሆናል። ከጉድጓዱ አፍ ድንኳን ይተከላል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል። በመጨረሻም ዝነኞቹ ሁሉ ስቱዲዮ ገብተው፣ የጆሮ ማዳመጫቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለጉድጓዱ ፍቅራቸውን የሚልኩበት ዘፈን ይዘፍናሉ።

እዚህ ላይ ቆመ። አስረጂው ተነሣ።

መጀመሪያ ስለ ቢሊ ዋይልደር የ1951 እ.ኤ.አ. ፊልም ነገረን፤ አንድ ጋዜጠኛ ዋሻ ውስጥ የተቀበረን ሰው ዜናው እንዳያልቅበት ሲል የሚያወጡትን ስለሚያዘገይበት። ቀጥሎ በ1987 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ ጉድጓድ ስለገባችውና ከ58 ሰዓት በኋላ በሕይወት ስለወጣችው ሕፃን። እትዬ ሁለተኛውን ቡና ቀዳች። እኔ ስለ ቤት ኪራይ ማሰብ ጀመርኩ።

«ዘፈኑ ግን» አለ፣ ወደ አባባ ዞሮ፣ «የእናንተ ነው።»

አባባ ከዳሱ ምሰሶ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌ ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከጎንደር ክፍለ ሀገር በእግራቸው ወርደው፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ከርመው፣ ሌላው ሲመለስ እዚያው የቀሩ። ቴሌቪዥን የሚያዩት በቁጣ ነው።

«የምን ዘፈን?»

«ፈረንጆች ተሰብስበው ለድርቁ ዘፍነውላችሁ ነበር አባባ። እንግሊዞቹ ጀመሩ፣ አሜሪካኖቹ ቀጠሉ። ካርቱኑ የሚቀልደው በእነሱ ነው።»

ልጁ አልተሳሳተም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ይዞ የሄደው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሡት ዓለምን አስለቀሰ። በኅዳር ለንደን ውስጥ ቦብ ጌልዶፍ ዘፋኞቹን ሰበሰበ፤ እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1985 ደግሞ ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ የጻፉት «ዊ አር ዘ ወርልድ» ሎስ አንጀለስ ተቀዳ። ካርቱኑ የኮረጀው ይህንን አዘፋፈን ነው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መወዛወዙን ሳይቀር።

አባባ ትንሽ አሰቡ።

«እኛ ኡም ራኩባ ነበርን። ዘፈን አልሰማንም» አሉ። «ብስኩት ግን መጥቷል።»

ስለ ብስኩቱ አልቀለዱም። ሰው አድኗል፤ የመጣበት የዘይት ቆርቆሮም ተዘርግቶ በር ሆኗል። የጠየቁት ሌላ ነው።

«ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ?»

«ብዙ።»

«እና ማን በላው?»

አስረጂው አልመለሰም። ፊልሙን ለቀቀው። በስክሪኑ ላይ ጋዜጠኛ ዘፈኑን የመራውን ክረስቲ የሚባል አስቂኝ ሰውዬ፣ ገቢው የት እንደሚገባ ይጠይቀዋል። እሱም የማስተዋወቂያውን፣ የማጓጓዣውን፣ የሊሙዚኑን ወጪ ይቆጥርና፣ ከዚያ የተረፈውን ጉድጓድ ውስጥ እንጥለዋለን ይላል። የሆሊውድ ጸሐፊዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ቡና እየጠጡ፣ እየጻፉ እየሰረዙ የደረሱበትን ቀልድ አባባ በአንድ ትንፋሽ ቀድመውት አረፉ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው አልሳቁም፤ ጥያቄያቸው አልተመለሰም።

የለንደኑን ዘፈን አስረጂው በስልኩ አሰማን። ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቀውን። ልብ በሉ፣ የሚጠየቀው የላስታ ጎረቤት ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታንና የንጉሥ ላሊበላን ልደት ደርቦ የሚያከብር አገር። አፍሪካንም ዝናብ የማያውቃት፣ ወንዝ የማይፈስባት አድርጎ ይስላታል። ይህን የምንሰማው ራሃድ ሞልቶ እየጮኸ፣ የእትዬ ከሰል በፍሳሽ እየረጠበ፣ ሁላችንም እግራችንን አግዳሚው ላይ ሰቅለን ነው። አንዱ ሳሉግ፣ «ይሄን ሰውዬ ሐምሌ ላይ አምጡልኝ» አለ።

ወደ ጉድጓዱ ልመለስ። ባርት ራዲዮው ላይ ስሙ ተለጥፎ እንደነበር ትዝ ይለዋል፤ በሌሊት ሊያወጣው ሲወርድ ገመዱ ይፈታና ራሱ ይገባበታል። እትዬ የጀበናዋን ክዳን አስቀምጣ፣ ማንም ሳያስረዳት፣ ማንም ፊልሙን ሳያቆም፣ «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» አለች። አስረጂው አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ሁሉ የፊልም ታሪክ የእሷ ተረት ይበልጥ ገጠመ።

ጢሚ የሚባል ልጅ አለመኖሩ ሲሰማ ከተማው ይቆጣል። ለሌለው ልጅ ያለቀሰው ሁሉ፣ ላለው ልጅ ጀርባውን ይሰጣል። ዘፈኑም ከቁጥር አንድ ወርዶ በሌላ ይተካል። በመጨረሻ ሆመር አካፋውን አንሥቶ መቆፈር ሲጀምር ሌላውም ይከተላል፤ ከቆፋሪዎቹ አንዱ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ስቲንግ ነው፣ በራሱ ድምፅ። ስቲንግ ከዚያ ሰባት ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ ለእኛ ከዘፈኑት አንዱ ነበር። በራሱ ላይ ሊቀልድ መምጣቱን ወደድኩለት። ማርጅ ደክሞህ ይሆናል፣ እረፍ ትለዋለች፤ አድናቂዬ ተቸግሮ አላርፍም ይላል። ኧረ ልጄ ያንተን ዘፈን ሲሰማ አይቼው አላውቅም ስትል ባሏ ዝም ያሰኛታል፤ ቁፋሮ ይችላል ብሎ።

እዚህ ላይ አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እኔም ሰምቼው አላውቅም» አሉ። «ይቆፍር።»

ልጁ ከወጣ በኋላ ጉድጓዱ አጠገብ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይተከላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይሄኛውን ቀልድ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም፤ ሁላችንም መንግሥት ያለበት አገር ኖረናል።

አስረጂው ግን በዚህ አያበቃም። «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን የጻፈው ማይክል ጃክሰንም እዚሁ ካርቱን ውስጥ አለ ብሎ ሌላ ክፍል ከፈተ፤ ከ«ራዲዮ ባርት» ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ መስከረም 1991 እ.ኤ.አ. የታየ። የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ግዙፍ ነጭ ሰውዬ ማይክል ጃክሰን ነኝ ይላል። ንግግሩ የእውነተኛው የማይክል ነው፣ የተመዘገበው ግን በሌላ ስም ነው። ዘፈኑን ደግሞ የዘፈነው ድምፁን የሚያስመስል ሌላ ሰው ነው፤ ማይክል ውል ነበረበት። «ዘፋኙ ለማውራት መጣና ለመዝፈን ሰው ቀጠረ?» አለች እትዬ። «ይሄማ አልቃሽ ቀጥሮ ለቅሶ መቀመጥ ነው።»

መሀል ላይ መብራት ጠፋ። በሀዋታ መብራት ሲጠፋ ስልክ ይወጣል፤ ጥላሁን ይዘፍናል፤ ቀጥሎ መሐመድ ወርዲ። የእኛም የእነሱም ዜማ በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነውና፣ ሱዳኖቹ ጥላሁንን አንዲት ቃል ሳይገባቸው እስከ መጨረሻው አብረውት ያንጎራጉራሉ። እኛም ለወርዲ ብድራችንን እንመልሳለን። አስረጂው በዚህ ጊዜ ሥራ ፈት ነው፤ ያሳዝናል።

መብራቱ ሲመለስ «አሁን ደግሞ የጠገብንበትን ላሳያችሁ» አለ። የተራብንበትን ቀደም ብሎ በቃል ነግሮን ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. «ሳውዝ ፓርክ» የሚባለው ካርቱን ውስጥ አራት ባለጌ ልጆች የእጅ ሰዓት ለማግኘት ሲሉ የድሃ ልጅ ለመርዳት ይመዘገባሉ፤ በሰዓቱ ፋንታ አንድ የተራበ ኢትዮጵያዊ ልጅ በስህተት ይላክላቸዋል። ቀልዱ በልጁ ላይ ነው ወይስ በሰጪዎቹ ላይ የሚለውን ዳሱ ሲከራከርበት ቡናው በረደ። እኔ በሰጪዎቹ ነው ባይ ነኝ፤ ቢሆንም ሳየው ሆዴ አይስቅም።

በኅዳር 2011 እ.ኤ.አ. ግን ሲምፕሰኖቹ የከተማቸው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይገባሉ። እንዲህ ያለ ሰፈር በእውኑም አለ፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ስም የሚጠራ። ማርጅ ፈራ ተባ እያለች፣ ልጆቿን ይዛ ምግብ ቤት ትገባለች። ይበላሉ፤ ይወዱታል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ምግብ እየጻፉ የሚኩራሩ ሰዎች ይሆናሉ፣ በራፕ እስከ መዝፈን። ለኮረም ከተዘፈነ ከሀያ ሰባት ዓመት በኋላ ፈረንጅ የእኛን ማዕድ ከቦ ዘፈነ።

እትዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«የጤፍ ነው?»

«ምኑ?»

«እንጀራው።»

አስረጂው ፊልሙን አቁሞ አጠናው። ጤፍ ሀዋታ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም፤ እትዬ የምትጋግረው ማሽላ ነው። ካርቱን ውስጥ ጤፍና ማሽላ አይለይም። እሷ ግን ሌላ ነገር አይታ ኖሮ፣ «ቆይ፣ ጣታቸው አራት ነው እንዴ?» አለች። አራት ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የተሳሉት። «ታዲያ በአራት ጣት እንዴት ነው የሚጎራረሱት?» ይህን ጥያቄ ካርቱኑ በተጀመረ በሠላሳ ምናምን ዓመቱ የጠየቀ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የመጨረሻው አዲስ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. የታየ። ባርት ከአንድ ዝነኛና ልብሱ የሚያምር ልጅ ጋር ይገጥማል። አስረጂው የልጁ ፊት ላይ አቆመውና ደረቱን ነፋ። «የዚህ ልጅ ድምፅ አበሻ ነው። የአባቱም ድምፅ እሱው ነው። ዘ ዊኬንድ፤ አቤል ተስፋዬ። ካናዳ ተወልዶ፣ እናቱና አያቱ አሳድገውት፣ አማርኛ ይናገራል። በ2021 ለኢትዮጵያ ምግብ እንዲገዛ ለዓለም የምግብ ፕሮግራም አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጠ።»

አባባ ከምሰሶው ቀና አሉ።

«ዘፈን አወጣበት?»

«አላወጣም።»

«ዝም ብሎ ሰጠ?»

«ዝም ብሎ።»

«የሰው ልጅ ነው» አሉ አባባ። ቀጠሉና ዓለም በሙሉ ያልጠየቀውን ጠየቁ፤ «የማን ልጅ ነው?»

«የመኮንን።»

«መኮንን የማን?»

«የተስፋዬ።»

«ተስፋዬ የማን?»

የ1951ን ፊልም ዳይሬክተር ከነተዋናዩ የሚያውቀው ልጅ ዝም አለ። አባባ ቦታውን ተረከቡት። ወገራ ውስጥ አንድ ተስፋዬ ያውቁ ነበር፤ ጥሩ እረኛ፣ ድምፀ መረዋ፣ ሲያንጎራጉር ከብቱ ግጦሽ የሚያቆም። ዘሩ ከዚያ ባይሆን ይገርማቸዋል። እትዬ፣ ድምፁን የሰማ ሰው የደንቢያ መሆኑን አይስተውም አለች። ሳሉጎቹ ከጎጃም አስገቡት። ነገሩ ከረረ፤ ቴሌቪዥኑን የሚያየው ጠፋ።

እስከዚያ ድረስ ሲጋራውን እያጨሰ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሱዳናዊ የትራክተር ሹፌር በመጨረሻ ምን እንደሚያጨቃጭቀን ጠየቀ። ነገርነው። በስክሪኑ ላይ የደረቀውን፣ አራት ጣት ያለውን የካርቱን ልጅ ብዙ ጊዜ ወስዶ ተመለከተው።

«ዞል፣ ይሄማ የገዳሪፍ ልጅ ነው» አለ። «መልኩን አታዩትም እንዴ?»